ዱላ መቺው ስንት ሙልሙል ይድረሰው?

ልጅ ሳለሁ ደብረ ታቦር ላይ ቡሄ በመጣ ቁጥር አንድ ችግር ነበረብኝ። ድምፅ የለኝም። ዱዳ ነበርኩ ማለቴ አይደለም፤ ለፍላፊነቴንማ ሰፈርተኛው ሁሉ ይመሰክርልኛል። ግን ሆያ ሆዬ የሚያስወጣ ድምፅ አልተሰጠኝም። አንድ ቀን ልሞክር ብዬ አፌን ብከፍት የጎረቤት ውሻ ጮኸ። የሰፈሩ ልጆች ከዚያ ቀን በኋላ ሸንጎ ሳይቀመጡ ፈረዱብኝ፤ “አንተ ዱላ ምታ!”

መታሁ። አውጪያችን እንደ ዋሽንት የቀጠነ፣ የሰው በር የሚያስከፍት ድምፅ ያለው ልጅ ነበር። አራቱ ተቀባዮች ከበውት ይቀበላሉ። እኔ ደግሞ ከኋላ ሆኜ ከቁመቴ የሚበልጥ ዱላ ይዤ መሬቱን እደበድባለሁ። ቡሄ ለኛ ከተማ የስም ቀን በሉት፤ በዓሉም ከተማውም ስማቸው ደብረ ታቦር ነው። ነሐሴ 13 ሲደርስ ደጋው በጭጋግ ይሸፈናል፣ ጭቃው ጉልበት ድረስ ይገባል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኛ ግን ከደጅ ደጅ ስንዞር ብርዱም ጭቃውም አይታወቀንም ነበር።

ጣጣው የሚመጣው ማታ፣ ሙልሙሉ ሲካፈል ነው። አውጪው ሦስት ይወስዳል። ተቀባዮቹ ሁለት ሁለት ይደርሳቸዋል። ለኔ ግማሽ ሙልሙል ትቆረሳለች፤ እሷም የተረፈ ካለ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ አውጪያችን ያለ ክፋት፣ ሒሳብ እንደሚያስተምር ሰው ረጋ ብሎ መለሰልኝ። “እኔ ባልኖር ዳቦ አይሰጡንም። አንተ ባትኖር ግን ማንም አያውቅም።”

እያለቀስኩ ወደ አያቴ ሄድኩ። አያቴ ለጉልበቷ በየዓመቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዳ የምትመለስ፣ ነገር ሲመጣባት ግን ጉልበቷ የማይታመም ሴት ነበረች። አቤቱታዬን ሰማችና “ነገ ዱላህን ያዝ፣ ግን አትምታ” አለችኝ። በማግስቱ የቀረነው ቤት ነበርና ሄድን። ዱላዬን ታቅፌ ቆምኩ። አውጪው ጀመረ፤ ትንሽ እንደሄደ ፈጠነ። ተቀባዮቹ ግማሾቹ ቀደሙ፣ ግማሾቹ ዘገዩ። የቤቲቱ እመቤት በሩን ከፈት አድርገው አዩንና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? “ምነው ልጆቼ፣ ዛሬ ደከማችሁ?”

እስካሁን ድረስ የምታስገርመኝ ያቺ ጥያቄ ናት። ወይዘሮዋ የጎደለ ነገር እንዳለ አውቀዋል። የጎደለው ዱላው መሆኑን ግን አላወቁም። አውጪያችን እንዲህ ከሆነ ግማሽ እውነት ተናግሯል ማለት ነው። እኔ ባልኖር የኔን አለመኖር በርግጥ ማንም አያውቅም። የሱ ድምፅ መበላሸቱን ግን ሁሉም ያውቃል።

አንባቢዬ፣ ስለ አንድ ግማሽ ሙልሙል ይኼን ሁሉ ዓመት ቂም የያዘ ሰው ብለህ እንዳትስቅብኝ። ነገሩ ከሙልሙል ያልፋል። ብዙ ሰው በአንድነት አንድ ነገር ሲሠራ፣ ከላይ የሚታየው ስንት ይውሰድ? ከታች የተሸከመውስ? ፈላስፎች በየዘመናቸው የተከራከሩበት የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ እኔን ግን ያገኘኝ በጭቃ ላይ፣ ዱላ ይዤ ነው።

ጥያቄው እንደገና የተነሣብኝ ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ አዲስ አበባ አንድ ወዳጄ ቤት ነው። ወዳጄ ደሞዙን በሙሉ በሙዚቃ መሣሪያ የሚጨርስ፣ ሶፋ የሌለው ግን በቁመት እኔን የሚያክል ስፒከር ያለው ሰው ነው። እናቴ በጣም የምትወደውን አንድ የማሕሙድ አሕመድን ዘፈን ከፈተልኝ። ዘፈኑን በቃሌ አውቀዋለሁ። እቤታችን በነበረችው ትንሽ ቴፕ ካሴቱ እስኪላላ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ከዘፈኑ ሥር አንድ ሰው ሲራመድ ሰማሁ። ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ የሚያደርገውን የሚያውቅ እርምጃ ነው። ማሕሙድ ሲወጣ እሱ ይወርዳል፤ ማሕሙድ ትንፋሹን ሲሰበስብ እሱ ቤቱን ይጠብቃል። “ይኼ ማነው?” አልኩ። “ቤዝ ነዋ!” አለኝ ወዳጄ። “ድሮም ነበረ እኮ።”

ድሮም ነበረ! እኛ ቤት ያልተሰማው የኛ ቴፕ ትንሽ ስለሆነች ነው። ነገሩ የሙዚቃ ብቻ ሳይሆን የፊዚክስም ጉዳይ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር ስትመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ትንቀጠቀጣለች። የሰው ጆሮ እስከ 20 ድረስ ያለውን መስማት ይችላል ስለሚባል ጆሯችን ለሷ አያንስም። መዳፍ የምታህል ስፒከር ግን እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ የሚያወጣ አየር መግፋት አትችልም። ቀጭኑን ሁሉ ታወጣለች፤ ወፍራሙን ትውጠዋለች። ያ ሰው እናቴ ወጥ እየሠራች በሰማችው ዘፈን ሁሉ ውስጥ ሲለፋ ኖሯል። እኛ ግን ድካሙን የሚያሰማ መሣሪያ አልነበረንም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እነዚህን ከታች የሚራመዱ ሰዎች በስም መፈለግ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ያገኘሁት ጆቫኒ ሪኮ ነው። ጆቫኒ የአይቤክስ ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር፤ ኋላም የሮሃ ባንድ። ከጊታሪስቱ ከሰላም ሥዩም ወልደማርያም ጋር ሆኖ ባንዱን ከመሩትም አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ “እሬ መላ መላ”ን ሲጫወት ከሥሩ የነበሩት አይቤክሶች ናቸው። በ1980ዎቹ ደግሞ ያው ቡድን ሮሃ ተብሎ ከእነ ኤፍሬም ታምሩና ንዋይ ደበበ ሥር ተሰልፏል። የዚያን ዘመን ካሴት ሰብስቦ የያዘ ሰው ካለ ገልብጦ ይመልከት። የዘፋኙ ፎቶግራፍ ፊት ለፊት ተለጥፏል። ስሙ በትልቁ ተጽፏል። ግጥምና ዜማ የደረሱት አንዳንዴ በትንሹ ይጠቀሳሉ። ከታች በኩል “ሮሃ ባንድ” የሚል ይኖራል። ሰዎቹ ግን እነማን ናቸው? ብዙውን ጊዜ መልስ የለም።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች አንድ ጊዜ ያለ ዘፋኝ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 አይቤክሶች አዲስ አበባ ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ መሣሪያዎቻቸውን ዘርግተው “ስቴሪዮ ኢንስትሩሜንታል ሙዚቃ” የተባለውን ሥራ ቀረጹ። ዘመኑ ደርግ የገባበት፣ ሰዓት እላፊ የታወጀበት፣ ለዳንስ የወጣ ሰው እስኪነጋ እዚያው የሚያድርበት ዘመን ነው። በዚያ ሥራ ውስጥ የሚዘፍን ሰው የለም። ኦርጋን፣ ጊታርና ሳክስፎን ያወራሉ፤ ቤዙ አንዴ ያጫውታቸዋል፣ አንዴ ራሱ ይጫወታል። ሥራው ብዙ ዓመት ተረስቶ ከቆየ በኋላ በእኛ ዘመን እንደገና ታትሞ የሩቅ አገር ሰው ሳይቀር እየሰማው ነው። በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ዋልያስ ባንድ “ቼ በለው”ን አወጣ፤ እሱም ያለ ዘፋኝ ነው። በውስጡ ያለውን የግርማ በየነን “ሙዚቃዊ ስልት” ዛሬ የማናውቃቸው አገሮች ባንዶች ሳይቀሩ ይጫወቱታል። እዚያ ላይ ቤዝ የሚመታው መላከ ገብሬ ነው። የኦርጋኑን ሰው ኃይሉ መርጊያን፣ የቫይብራፎኑን ሰው ሙላቱ አስታጥቄን የማያውቅ የለም፤ ሲያንሳቸው ነው እንጂ አልበዛባቸውም። የመላከን ስም ግን ስንቶቻችን ከዛሬ በፊት ሰምተናል?

እኛ ሐበሾች ደግሞ ለዚህ የተለየ ድክመት አለን። ዘፈን ማለት ለኛ ቃል ነው። ሰምና ወርቁን የምንፈልግ፣ “ምን አለ?” የምንል ሕዝብ ነን። አዝማሪም ቢሆን ማሲንቆውን ስለ ግጥሙ ነው የምንታገሠው። ቃል የሌለውን ሙዚቃ ለብዙ ዘመን ያዋልነው ለዜና ማጀቢያ፣ ለፕሮግራም መሸጋገሪያ ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን የጨረሰበትን ሥራ “ሙዚቃ ነው፣ ዜናው እስኪጀምር” ብለን አልፈነዋል።

“ታዲያ መፍትሔው ከታች ያለው ወደ ፊት መውጣት ነው!” የሚል አይጠፋም። ወደ ፊት ስለ ወጣ ሰውም ላጫውታችሁ። አይቤክሶች ራስ ሆቴል በቀረጹበት በዚያው ዓመት፣ በ1976፣ አንድ የ24 ዓመት አሜሪካዊ ቤዝ ተጫዋች በራሱ ስም የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ጃኮ ፓስቶሪየስ ይባላል፤ አልበሙም ስሙ “ጃኮ ፓስቶሪየስ” ነው። ያደገው ፍሎሪዳ ነው። ከቤዝ ጊታሩ አንገት ላይ ጣት የሚመሩትን የብረት መስመሮች ነቅሎ ጣለ። ያለ መስመር፣ ልክ እንደ ማሲንቆ፣ ድምፁን በጆሮውና በጣቱ ብቻ እየፈለገ መጫወት ጀመረ። የደብረ ታቦርን አዝማሪ ጠይቁት፣ ይኼ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ጣት በፀጉር ስፋት ከሳተች ሁሉም ይሰማል። ጃኮ ግን አልሳተም። ጎበዙ ታላቁ የዓለም ቤዝ ተጫዋች እኔ ነኝ ብሎ ራሱን ያስተዋውቅ ነበር ይባላል። ጉራ ነው ብለው ሊስቁበት የመጡ ሰዎች አልበሙን ሰምተው ዝም አሉ። ከሱ በኋላ የተነሡ ቤዝ ተጫዋቾች ለብዙ ዓመት ወይ እሱን ሲመስሉ ኖረዋል፣ ወይ እሱን ላለመምሰል ሲታገሉ። ዱላ መቺው አውጪ ሆነ ማለት ነው!

እስቲ የአልበሙን የመጀመሪያ ሙዚቃ በደንብ እናዳምጠው። “ዶና ሊ” ይባላል። ቤዙ ብቻውን ዜማውን ይሮጥበታል፤ ፒያኖ የለ፣ ሳክስፎን የለ። ብቻውን ነው ልል ነበር፣ ግን አይደለም። ከሥሩ አንድ ሰው ኮንጋ ከበሮ እየመታ ይከተለዋል። ዶን አላያስ ይባላል። አያችሁ? ከታች የነበረው ወደ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ከታች ገባለት። ነገሩ በዚህ አያበቃም። “ዶና ሊ” በቻርሊ ፓርከር ስም ተመዝግቦ የኖረ ዜማ ነው፤ ማይልስ ዴቪስ ደግሞ “የደረስኩት እኔ ነኝ” ብሎ ተናግሯል። ዜማው በተራው የተሠራው ከሱ በፊት በነበረ የሌላ ሰው ዘፈን መሠረት ላይ ነው። ከታች ያለው ሰው ነፃ ወጣበት በተባለው አልበም የመጀመሪያዋ ሙዚቃ ውስጥ ይኼ ሁሉ ሰው ተኝቷል። ስትቆፍሩት ማለቂያ የለውም። ከማንም ሥር ሌላ ሰው አለ።

የጃኮ መጨረሻም አያስቀናም። ዌዘር ሪፖርት በተባለው ዝነኛ ባንድ ውስጥ ገብቶ ዓለምን ዞረ፤ ስሙ ገነነ። በ1980ዎቹ ግን የአእምሮ ሕመም ያዘው። ሥራው ተበተነ፣ መንገድ ላይ የሚያድርበት ጊዜ መጣ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1987 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የምሽት ክበብ አላስገባም ብሎት በተነሣ ግርግር ተደብድቦ በ35 ዓመቱ ሞተ። “ጉረኛ ስለነበረ ነው” የሚል ፍርድ እንዳትፈርዱበት፤ ሕመም የጉራ ቅጣት አይደለም። እኔ ከሱ የተማርኩት ሌላ ነው። መታወቅና መታሰብ አንድ አይደሉም። ሚሊዮን ጆሮ የሰማው ሰው አንድ የሚደግፈው ትከሻ ሊያጣ ይችላል። ሁላችንም አውጪ ብንሆን የፍትሕ ጥያቄው አይመለስም። ሁሉ አውጪ ከሆነማ ማን ይቀበላል?

ሌላው መልስ ደግሞ ከቤተ ክህነት ሰፈር የሚመጣ ነው፤ እሱን በቀላሉ የምጥለው አይደለም። “ስም መፈለግ ምን ያደርጋል? ሳይታወቁ ማገልገል ይበልጣል። ቀኝ እጅህ የሰጠውን ግራ እጅህ አይወቅ” ይላሉ። እውነት ነው፤ እንዲህ ሆነው ኖረው ያለፉ ሰዎች በረከት ናቸው። ደቡብ ጎንደር ለዚህ ምስክር አያጣም። ድጓው ከቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ ከዙር አምባ እየተቀዳ አገር ሲያጠጣ ኖሯል። ስማቸው ያልታወቀ ስንት መምህራን፣ ስንት ቁራሽ ለምነው የተማሩ ደቀ መዛሙርት አልፈውበታል!

ግን ለኛው ሰው፣ ለአለቃ ገብረ ሐና የሆነውን ተመልከቱ። የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና ስማቸው ሲነሣ ምን ትዝ ይላችኋል? ቀልድ! መጠጥ ቤት የሚወራው ቀልድ ሁሉ፣ እሳቸው ያላሉትም ጭምር፣ በሳቸው ስም ይነገራል። አለቃ ግን ትልቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። ሸንበቆው በነፋስ ሲወዛወዝ፣ የጣና ማዕበል ሲመላለስ አይተው ማኅሌቱ የሚቆምበትን አዲስ የሰውነት እንቅስቃሴ አወጡ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት “ከየት የመጣ ነው?” ብለው አልተቀበሏቸውም። ልጃቸው አለቃ ተክሌ ግን ከአባታቸው የተማሩትን ይዘው ደብረ ታቦር ላይ አስተማሩት፣ አስፋፉት። ዛሬ ያ ስልት በአገሪቱ አድባራት ይቆማል፤ ስሙም ተክሌ አቋቋም ነው። ደብረ ታቦር ኢየሱስ የሱ ቤት ሆኖ ይታወቃል።

ለልጅየው ስም መሰጠቱ ስሕተት ነው አልልም፤ ተክሌ ባያስተምሩት ስልቱ ከአባትየው ጋር በተቀበረ ነበር። ግን የነገሩን አካሄድ አስተውሉ። ያፈለቀው ሰው በቀልዱ ቀረ፤ ሥራው በሌላ ስም ሄደ። ሰው የዕድሜውን ትልቅ ነገር ሰጥቶን እኛ የምናስታውሰው ትንሹን ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እሳቸው በትሕትና ያለፉት ከሆነ ክብራቸው ነው። የኛ መርሳት ግን ትሕትና አይባልም።

ለኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ትሕትና ሰው ለራሱ የሚመርጣት እንጂ ለሌላው የሚያዝዛት አይደለችም። እኔ “ስሜ አይጻፍ” ማለት እችላለሁ። “ያንተ ስም አይጻፍ፣ ትሑት ሁን” ብዬህ የኔን ካጻፍኩ ግን የሰረቅኩህን በቅዱስ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። የብራና ጸሐፊዎቻችንን እዩ። ዓለምን የናቁ መነኮሳት ሳይቀሩ መጽሐፉን ጽፈው ሲጨርሱ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ገጽ ስማቸውን ጠቅሰው “በጸሎታችሁ አስቡኝ” ይላሉ። እነሱ ገንዘብ አልጠየቁም፣ ጭብጨባም አልጠየቁም፤ መታሰብ ግን ጠየቁ። ያን የሚያህል ሰው መታሰብን ከፈለገ፣ ቤዝ መቺው ስሙ በካሴት ጀርባ እንዲጻፍለት ቢመኝ ምን ነውር አለው?

ታዲያ ለዱላ መቺው ስንት ይድረሰው? ብዙ ካሰብኩ በኋላ ዕዳችን ሦስት ዓይነት ነው ብያለሁ።

አንደኛው የዳቦው ዕዳ ነው። ይኼ በሕግና በውል ይከፈላል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲውን ብቻ ሳይሆን “ከዋኝ” ያለውንም በመብት ባለቤትነት ያውቃል። ሕጉ እያለ ስቱዲዮ ገብቶ ለአንድ ቀን እጅ በእጅ ተከፍሎት የሚወጣ፣ ዘፈኑ ሃያ ዓመት ሲሸጥ የማይጠራ ሰው ካለ፣ ጉድለቱ የኛ የአፈጻጸምና የይሉኝታ ነው። “አውጪው ባይኖር ዳቦ አይመጣም” የሚለው ሒሳብም ሒሳብ አይደለም። አውጪው ሲጎድልም ይፈርሳል፣ ዱላው ሲጎድልም ይፈርሳል። ሁለቱም ሲጎድሉ የሚያፈርሱ ከሆነ፣ “ያለ እኔ አይሆንም” የሚለው ቃል ማንንም ከማንም አያስበልጥም። ድምፅ ያለው ትንሽ ይጨመርለት፤ አልቃወምም፤ ተሰጥኦውም ድካሙም አለ። ግን ግማሽ ሙልሙል፣ ያውም ከተረፈ? ይኼ ክፍያ ሳይሆን ምጽዋት ነው።

ሁለተኛው የስም ዕዳ ነው። እሱ ከዳቦው ይረክሳል፤ ዋጋው አንድ መስመር ቀለም ነው። እንግዲህ ለዚህም የምንሰስተው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ሠርግ ሠርተን ሙሽራውንና ሚዜውን በቪዲዮ ስናስቀርጽ፣ ሦስት ሌሊት ጠላ ስትጠምቅና ወጥ ስታማስል ያደረችው አክስት በጭሱ ውስጥ ትቀራለች። ሽልማት ስንሰጥ ሥራ አስኪያጁ መድረክ ይወጣል። “ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው” እያልን የምንተርት ሰዎች፣ ተረቱን ለትዝብት የተናገርነው መስሎን ደንብ አድርገነዋል።

ሦስተኛው የጆሮ ዕዳ ነው። ይኼኛው በሕግ አይጠየቅም፣ በቀለምም አይከፈልም። ከአድማጩ በቀር የሚከፍለው የለም። በአንድ ዘፈን ውስጥ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ የዘፋኙን ድምፅ ትቶ ከሥሩ የሚሄደውን መከተል ነው። ሞክሩት። መጀመሪያ ምንም አይሰማም፤ ከዚያ ልብ ሲል ሰው ይሰማል። አንዴ ከሰማችሁት በኋላ ደግሞ ዘፈኑን ያለሱ ልስማው ብትሉ አትችሉም። ጉዳዩ ከሙዚቃ የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሿ ቴፕ በየቤታችን ብቻ ሳይሆን በየደረታችን ውስጥም አለች። ቀጭኑን፣ የሚጮኸውን፣ ፊት የቆመውን ታሰማናለች። ወፍራሙን፣ የተሸከመንን ትውጣለች። ከዚያም “የለም እኮ፣ ብሰማው ኖሮ አመሰግነው ነበር” እንላለን። ድሮም ነበረ!

አሁን ለራሴ ስሕተት ልምጣ። ይኼን ሁሉ እያሰብኩ በነበርኩበት ሰሞን እናቴ ዘንድ ደወልኩና የዚያን ዘፈን ነገር፣ ከሥሩ የሰማሁትን ሰው ነገር አጫወትኳት። ሰምታኝ ስታበቃ “አያትህ ያን ጊዜ ‘ዱላህን አትምታ’ ያለችህን ታስታውሳለህ?” አለችኝ። እንዴት እረሳለሁ! “እሱንስ ታስታውሳለህ። ያን ሁሉ ሙልሙል ለሰፈሩ ልጅ ስትጋግር ያደረችው ማን እንደነበረች ግን ጠይቀህ ታውቃለህ?” አለችኝ። ዝም አልኩ። እኔ በግማሽ ሙልሙል ቂም ይዤ ስኖር፣ ምጣዱ ሥር እሳት ስትቆሰቁስ ያደረችውን ሴት አንድ ቀን በሒሳቡ ውስጥ አስገብቻት አላውቅም። ከማንም ሥር ሌላ ሰው አለ ብዬ የጻፍኩት እኔ፣ ከኔ ሥር ያለውን ሳልሰማ ነው።

ባለፈው ቡሄ ደብረ ታቦር ነበርኩ። ማታ ልጆች መጡ፤ ሰባት ይሆናሉ። አውጪያቸው ጎበዝ ነው፣ የኛን ያስታውሳል። እስኪጨርሱ ጠበቅኩና ገንዘቡን ይዤ “ዱላ የሚመታው የትኛው ነው?” አልኩ። ልጆቹ ተያዩ። ጥያቄው አልገባቸውም። ከኋላ ያለው ትንሹ ልጅ ዱላውን ከጭቃው ነቅሎ፣ የተከሰሰ መስሎት ይመስለኛል፣ “ሁላችንም እንመታለን ጋሼ፤ ተራ አለን” አለኝ።

ተራ አላቸው! እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት ስለ አከፋፈል ስፈላሰፍ፣ ልጆቹ ዱላውን እየተቀባበሉ ነገሩን ጨርሰውታል። አውጪውም ሳይቀር እጁ ላይ ጭቃ ነበረበት። ገንዘቡን ሰጠኋቸው፤ ከዚያም ወደ ጓዳ ዞሬ ሙልሙሉን የጋገረችውን ሴት ስም ጠራሁ። “ምነው?” እያለች እጇን እየጠረገች ወጣች። ልጆቹ እንዲያመሰግኗት ነገርኳቸው።

እነሱም ዱላቸውን አነሡና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።